ሁለት ፊርማ

«አልነሳም» አለ ቸሬ። አሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሀል ተከለ።

ዋሲሁን ሰዓቱን አየ። ባንኩ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ታላቅ ወንድሙን ከካራቫን ሰፈር ድረስ ሄዶ፣ ለምኖ፣ ሁለት አውቶቡስ አሳፍሮ አምጥቶታል። የቀረው መንገድ ተሻግሮ ባንክ መግባት ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ይነሱ እንጂ። ፊርማ ብቻ ነው።»

«ፊርማ ብቻ ከሆነ አንተ ፈርም።»

«የእኔ ብቻዋን አትበቃም። የሁለታችንንም ነው የሚፈልጉት።»

«እንግዲያው የእኔን አያገኟትም።»

«ትናንት ማታ እሺ ብለውኝ አልነበረም?»

«ትናንት እንቅልፌ መጥቶ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ሳስበው ግን ልቤ እንቢ አለ። ዛሬ ዋጋው ጨምሯል?»

«ጨምሯል።»

«ትናንትስ?»

«ጨምሯል።»

«ታዲያ እየጨመረ ያለ ነገር የሚሸጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? እየታለበች ያለች ላም ገበያ ትነዳለህ?»

«ላም አይደለም ጋሼ፤ አክሲዮን ነው።»

«ላም እንዳልሆነማ አውቃለሁ። ላም ብትሆን አንተን አልጠይቅም ነበር።»

አጠገባቸው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሳቁ። የጎንደር ሰዎች ናቸው፤ ወሬው ማታ ሳይደርስ ሰፈሩን እንደሚያዳርስ ዋሲሁን አወቀ። ፊቱ ጋለ። መጮህ ፈለገ። ታላቅ ወንድም ላይ አይጮህም፤ ለዚያውም ሰው ፊት። ጥርሱን ነክሶ ቆመ። የመመለሻው አውቶቡስ መጣና ቸሬ ያን ጊዜ ማንም ሳይደግፈው ተነሳ።

«ለእነ ሙሉእመቤት ሰላም በልልኝ» ብሎ ወጣ።

ዋሲሁን አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ጎንደር እያለ በመንግሥት እህል ግዢ መሥሪያ ቤት የዋጋ ሠራተኛ ነበር። ጤፍና ማሽላ ምን ያህል ያወጣል፣ ገበያው ምን ያህል ይጠራል፤ ሥራው በእነዚህ በሁለቱ መሀል ያለውን ልዩነት ማየት ነበር። በሱዳን በኩል እስራኤል ከገባ ወዲህ አሽቀሎን ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ፋብሪካው ዱባና ቲማቲም ያሽጋል፤ ኮምጣጤ ውስጥ የተዘፈዘፈ ዱባም ይሸጣል። አክሲዮኑ ቴል አቪቭ ገበያ ላይ ነበረ፤ የሚፈልገው ግን አልነበረም።

በፈረንጆቹ 1992 መጀመሪያ ላይ ዋሲሁን የፋብሪካውን የዓመት ሒሳብ ከባንክ ጠይቆ ወሰደ። ያነበበውን ማመን አቃተው። ገበያው ፋብሪካውን በሙሉ፣ ከነማሽኑ፣ ከነዕቃው፣ ከቆመበት መሬት ባነሰ ዋጋ ይጠራው ነበር። ዕዳው ጥቂት ነው። ትርፉ ትንሽ ነው፤ ግን አይቋረጥም። ያጠራቀመውን ሁሉ አውጥቶ ገዛ።

ሲገዛ ለሚስቱ የነገራት ይህን ነበር። አንድ ነገር ከሚያወጣው በጣም ባነሰ ሲጠራ እገዛለሁ። የሚያወጣውን ሲደርስ ወይም ሲያልፍ እሸጣለሁ። መሳሳቴን ካወቅኩም እሸጣለሁ። ከዚህ ውጭ አልሸጥም፤ ሰው ስለፈራም ሰው ስለደነሰም አልሸጥም። ሙሉእመቤት «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው ሲደንስ የምታየው?» አለችው።

ቸሬ የመጣው በፈረንጆቹ 1991፣ ቤተ እስራኤሎችን በአውሮፕላን ባጓጓዘው ዘመቻ ከአዲስ አበባ ነው። ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር ካራቫን ውስጥ ገባ። ካራቫን የሚሉት በብሎኬት ላይ የቆመ ተጎታች ቤት ነው፤ በጋ ላይ ይጋግራል፣ ክረምት ላይ ያንጠባጥባል። ከመንግሥት የተሰጠውን መቋቋሚያና ልጆቹ ሠርተው ያመጡትን ይዞ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። «አንተ የምታደርገውን ለእኔም አድርግ» አለ። ለቤት መግዣ ነው። መንግሥት ማሽካንታ ማለትም የቤት ብድር ይሰጣል፤ ብድሩ የማይሸፍነውን ግን ራስ ነው የሚሞላው።

ዋሲሁን በወንድሙ ገንዘብ ያንኑ አክሲዮን ገዝቶ ከራሱ ጋር ደርቦ አንድ ሒሳብ ከፈተ። የቸሬን ስም አስቀደመ። የባንኩ ሠራተኛ «ለመሸጥ የአንዳችሁ ፊርማ ይብቃ ወይስ የሁለታችሁም?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ሰው «የአንዳችን» ይላል። ዋሲሁን ወንድሙ አጠገቡ ቆሞ ነበርና ደረቱን ነፍቶ «ያለ ታላቅ ወንድሜ ፊርማ የእኔ ምንም አይሸጥም» አለ። ቸሬ ደስ አለው። በእጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ወንድማማቾች አብረው የገዙትን ያለ ታላቁ ቃል አይሸጡም፤ አገር ቤት እንዲያ ነው። ዋሲሁን ይህን ወረቀት ላይ አስፍሮ ባንክ አስገባው።

በ1993 መጸው አገሩ ሁሉ አክሲዮን ገዢ ሆኖ ነበር። የፋብሪካው አክሲዮን ዋጋ ሦስት እጥፍ አለፈ። ዋሲሁን ልሽጥ ያለው ያኔ ነው።

ቸሬ የሄደበት አውቶቡስ ከጣቢያው ሲወጣ ዋሲሁን ብቻውን ባንክ ገባ። ለምን እንደገባ እሱም አያውቅም። የአክሲዮን አማካሪው ጊዲ የሚባል የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ስልክ ከጆሮው አይለይም።

«ወንድምህስ?» አለው በዕብራይስጥ።

«አልመጣም።»

«ብልህ ሰው ነው።» ጊዲ ሳቀ። «ንገረኝ ዋሲ፣ ይቺ አክሲዮን ምን አጠፋችብህ? ሌላው ሰው ሲወርድበት ይቆጣል። ሲጨምርለት የሚቆጣ ደንበኛ አንተ ብቻ ነህ።»

«በዚህ ዋጋ ፋብሪካውን በሙሉ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከትርፉ እስኪመልስ አርባ ዓመት ይፈጅበታል።»

«ፋብሪካውን በሙሉ የሚገዛው ማን ነው? ሰው የሚገዛው ነገ ለሌላ ሰው ለመሸጥ ነው።»

«ሌላው ሰው ማን ነው?»

ጊዲ በእስክሪብቶው ወደ በሩ አመለከተ። ሰው ተሰልፏል። የታክሲ ነጂ፣ ጸጉር ሠሪ፣ ሁለት አስተማሪዎች። «እነሱ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለፈው ዓመት ራሺያኖቹ ስደተኞች ሲመጡና ሽያጩ ሲጨምር ፋብሪካው ያወጣል የምትለውን ግምት ከፍ አድርገህ ነበር። እኔ ዓይኔ እያየ ነው ያደረግከው። አንዴ ከፍ ካደረግክ ለምን ሁለተኛ አታደርግም?»

እውነት ነው፣ ዋሲሁን ከፍ አድርጓል። ያኔ ምክንያት ነበረው፤ ከመጋዘኑ የሚወጣውን ካርቶን በዓይኑ አይቷል። አሁን ግን ከመጋዘኑ የሚወጣው ካርቶን ያው ነው። የተለወጠው ዋጋው ብቻ ነው። ዋጋው በጨመረ ቁጥር ግምቱን የሚጨምር ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ገመተ? ይህን ለጊዲ ማስረዳት ሲጀምር የጊዲ ስልክ ጮኸ። ጊዲ አንድ ጣቱን አነሳበት፤ ጠብቅ ማለቱ ነው። ዋሲሁን ያቺን ጣት አይቶ ወጥቶ ሄደ።

ሙሉእመቤት ቤት ትጠብቀው ነበር። የሚኖሩት ሺምሾን የሚባል የአሽቀሎን ሰፈር ነው። ከእነሱ ሕንፃ ሦስተኛው ሕንፃ ምድር ቤት ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷን ትሸጣለች፤ ሃይፋ ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው። ሦስት ክፍል፣ ደረጃ የለውም። የቸሬ ጉልበት ታማሚ ነው። ሴትዮዋ እስከ ሐኑካ በዓል፣ እስከ ታኅሣሥ፣ እጠብቃለሁ ብላለች።

«ፈረመ?» አለች።

«ጣቢያ ተቀምጦ ተመለሰ።»

«እኔ ብሆን ጎትቼ አስገባው ነበር።»

«አንቺ ብትሆኚ።»

«ሽማግሌ ላክበት ዋሲሁን። አንተ ስትቆጣ አፍህ አይያዝም።»

«መቼ ነው አፌ ያልተያዘው? ዓመት ሙሉ ጋሼ ጋሼ ስል ነው የኖርኩት! እኔ የማውቀውን ሥራ እሱ በላም ይመልስልኛል።»

«ይኸው» አለችው።

ሽማግሌ አልላከም። ቅዳሜ በእግሩ አቋርጦ ካራቫን ሰፈር ሄደ፤ በሰንበት አውቶቡስ የለም፣ ቢኖርም አይሳፈርም። ልጠይቀው ብዬ ነው የሄድኩት ይላል። የገንዘብ ነገር ላነሳ አላሰብኩም ይላል። ምናልባት እውነቱን ነው። በሰንበት ስለ ገንዘብ አይወራም፤ ሁለቱም ያደጉት ቅዳሜ ሳንቲም በእጅ ሳይነካ ነው።

ካራቫኑ ውስጥ ከእሱ ጋር ሰባት ሰው ነበር። በሉ። ቸሬ ስለ ጉልበቱ አወራ። ከዚያ ጎረቤት የሆነ ሰው ገባና ተቀመጠ፤ ቸሬም ወደ ወንድሙ ዞሮ ለእንግዳው «ይኸውልህ፣ ሲጨምር የሚፈራው ሰውዬ» አለ። እንግዳው ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ።

«ምን አልክ?» አለ ዋሲሁን።

በዕድሜው ወንድሙን አንተ ብሎት አያውቅም።

«አንተ ስለ ምን ታውቃለህ?» አለ ዋሲሁን። ቆሟል። የካራቫኑ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው፤ ራሱ ሊነካው ምንም አልቀረውም። «ልጆችህ እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ይተኛሉ! ቤቱ አለ! ገንዘቡ አለ! ገበያው ያበደ ዋጋ እየከፈለህ ነው፣ እንዲህ ያለ ዋጋ ሁለተኛ አታይም፣ አንተ ግን እግርህን ዘርግተህ ትቀልዳለህ!»

የቸሬ ታናሽ ልጅ ኦሽራት ከማዕድ ቤቱ ጥግ ዘላ ወጣች። «ዶድ፣ ዳይ!» አለች፤ አጎቴ፣ በቃ። «ሻባት ሃዮም!» ዛሬ ሰንበት ነው።

ቸሬ አልጮኸም። በዝግታ ነው የተናገረው።

«ሽጥ ብለውኝ አንድ ጊዜ ሸጫለሁ። ተነሱ፣ አዲስ አበባ ውረዱ፣ ነገ ትበራላችሁ፣ ፈጥናችሁ ሽጡ አሉን። ስድስት ከብቴን በሁለት ከብት ዋጋ ሰጠሁ። ለማን? አጥሬ ላይ ተቀምጦ እስክቸኩል ለሚጠብቅ ጎረቤት። አዲስ አበባ ደርሰን ነገ የተባለው ዓመት ሆነ። በኪራይ ቤት ጭቃ ላይ ተኝተን የከብቴን ዋጋ በላነው፤ አለቀ። እናንተ ሽጡ የምትሉ ሰዎች የምታስቸኩሉት እናንተ ስትቸኩሉ ነው። ከእንግዲህ ማንም አስቸኩሎ አያሸጠኝም። ደግሞ በሰንበት።» ወደ በሩ አመለከተ። «ውጣ።»

ዋሲሁን በእግሩ ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ ይናደድ ነበር፤ መጀመሪያ በቸሬ፣ ከዚያ በጊዲ፣ ከዚያ ከብቱን በገዛው ሰው። ሺምሾን ሲደርስ በራሱ። ስለ ከብቶቹ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ወንድሙ ከመጣ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አልጠየቀውም።

አሁን ሽማግሌ ግድ ሆነ፤ የላከው ግን ቸሬ ነው። ከሽማግሌዎቹ ዋናው አባባ ጦቢያ ነበሩ፤ እሳቸውም የሚኖሩት ካራቫን ውስጥ ነው። እሑድ ማታ ተቀመጡ። ዋሲሁን የአክሲዮኑን ነገር ማስረዳት ሲጀምር አባባ ጦቢያ እጃቸውን አነሱ።

«እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ሰንበትን።»

«አባባ፣ እያንዳንዱ ቀን…»

«ቀኑስ የማን ነው? የሻርከው ቀን ነው። ወንድምህንም አንተ ብለኸዋል። ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቅ።»

ካራቫን ሰፈር ውስጥ ድንጋይ የለም። አሸዋ ነው። ሰዎቹ ዙሪያውን ሲፈልጉ ቆዩና አንዱ ሄዶ ከካራቫን ሥር የተረፈ ብሎኬት አመጣ። ዋሲሁን ብሎኬቱን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ወንድሙ እግር ሥር ወደቀ። ሲሚንቶው አንገቱን ፋቀው። ይቅር በሉኝ አለ። ድምፁ የይቅርታ አልነበረም። ሁሉም ሰምተውታል፤ አባባ ጦቢያም ሰምተዋል። ቸሬ ብሎኬቱን አወረደለትና ሳመው። ቸሬ እያለቀሰ ነበር። ዋሲሁን አላለቀሰም።

ከዚያ አባባ ጦቢያ ስለ አክሲዮኑ ጠየቁ። ሁለቱንም ሰሙ። ዋሲሁንን «ዋጋው ነገ እንደሚወርድ ታውቃለህ?» አሉት።

«ነገ መውረዱን አላውቅም። ከሚያወጣው በላይ መሆኑን ነው የማውቀው።»

«መቼ እንደሚወርድ ካላወቅክ ምኑን አወቅከው?»

«መቼ የሚለውን ማንም አያውቅም አባባ። የሚያውቅ ቢኖር አያወራም።»

አባባ ጦቢያ አሰቡና ፈረዱ። ዋሲሁን የራሱን ግማሽ ይሽጥ፤ ቸሬ ይፈርምለት። የቸሬ ግማሽ ይቀመጥ። የባንኩ ሒሳብ ግን ለሁለት አይከፈል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ እንዲቆሙ የቸሬም ድርሻ በሁለቱ ፊርማ ይቆይ። ሁሉም ጥሩ ፍርድ ነው አለ። ዋሲሁንም እሺ አለ፤ አንገቱ እያቃጠለው ስለነበር ሌላ ነገር የማሰብ ትዕግሥት አልነበረውም።

በሳምንቱ ቸሬ ባንክ መጥቶ ፈረመ። ዋሲሁን ሸጠ። የምድር ቤቱን ቤት ለወንድሙ ለመግዛት የዋሲሁን ግማሽ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ቢበቃም ቸሬ አይቀበልም።

ዋጋው ቀጠለ። በሐኑካ፣ ዋሲሁን ከሸጠበት ላይ ግማሽ ያህል ጨምሮ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ምኩራብ ደጃፍ ላይ አንዱ «ዋሲሁን፣ የምትሸጠው ሌላ ነገር ካለህ ንገረን፣ እኛ እንግዛ» አለው። ጊዲ መንገድ ላይ አግኝቶት እጁን ዘርግቶ ትከሻውን ሰበቀ። ቸሬ በየሳምንቱ በሕዝብ ስልክ ይደውላል።

«ዛሬስ?»

«ጨምሯል ጋሼ።»

«እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።»

ዋሲሁን ስልኩን በኃይል ዘጋው። ሙሉእመቤት «ያልከውን አይደል ያደረግከው? ደርሷል አልክ፣ ሸጥክ። ምን ያንጨረጭርሃል?» አለችው። መልሱን ያውቀዋል፤ አይነግራትም። ለመሸጥ ደንብ ነበረው። ከሸጠ በኋላ ዋጋውን ላለማየት ግን ደንብ አልነበረውም። በየማለዳው ያያል። በየማለዳው ይናደዳል። ከዚህም የባሰው፣ እንዲወርድ ይመኝ ነበር፤ የወንድሙ ልጆች ቤት እዚያ ውስጥ መሆኑን እያወቀ።

ሴትዮዋ እስከ ሐኑካ ጠበቀች። ከዚያ ቤቱን ከኦዴሳ ለመጣ ቤተሰብ ሸጠችው። ዋሲሁን ወደ ሥራ ሲወጣ መስኮቱ ላይ አዲስ መጋረጃ ያያል።

በ1994 መጀመሪያ ገበያው ተሰበረ። የየካቲቱ የፑሪም በዓል ሳይደርስ የፋብሪካው አክሲዮን ዋሲሁን ከሸጠበት በታች ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ዋሲሁን ያወጣል ካለውም በታች ወረደ። የታክሲ ነጂዎቹና አስተማሪዎቹ እንደገና ተሰለፉ፤ አሁን ለመሸጥ። ጊዲ ስልክ ማንሳት አቆመ።

ቸሬ ሺምሾን መጣ። ማንም ሳያመጣው ሁለቱን አውቶቡስ ብቻውን ተሳፍሮ ነው የመጣው። አልተቀመጠም።

«እንሂድ» አለ። «ባንክ። እሸጣለሁ።»

«ይቀመጡ ጋሼ።»

«መቀመጥ አልፈልግም። እያለቀ ነው። ልጆቼ በየማታው ይጠይቁኛል። ፊርማህን ስጠኝ።»

ሙሉእመቤት በሩ ላይ ቆማ ባሏን አየችው። ዋሲሁን ወንበር ስቦ ራሱ ተቀመጠ።

«አሁን አይሸጥም» አለ።

«ምን?»

«አሁን ከሚያወጣው በታች ነው። መሬቱ አለ፣ ማሽኑ አለ፣ ትናንትም ካርቶን ስናወጣ ነው የዋልነው። ፋብሪካው ምንም አልሆነም። ሰው ስለፈራ ነው የወረደው። እንዲህ ባለ ጊዜ ይገዛል እንጂ አይሸጥም።»

«ስትፈልግ ሽጥ፣ ስፈልግ አትሽጥ! መጫወቻህ ነኝ?»

«ያኔ ሽጡ ስልዎት ጣቢያ ላይ ተቀመጡብኝ።»

«እና እየተበቀልከኝ ነው?»

የዋሲሁን ሒሳብ ትክክል ነበር። በነጋታው ደግሞ ሠርቶታል፤ ያው ነው። በዚያች ሰዓት ግን ወንድሙን እንቢ ሲለው ደረቱ ውስጥ የተሰማው ነገር ከሒሳብ የመጣ አልነበረም። ሙቀት ነበረው።

«ፈርምለት» አለች ሙሉእመቤት። «ገንዘቡ የእሱ ነው። ይጣለውም ይብላውም የእሱ ነው።»

«ሲበርደው ያመሰግነኛል።»

«አያመሰግንህም። ፈርምለት።»

«አልፈርምም።»

ቸሬ ከዘራውን አነሳ። የሚመታው መስሎ ነበር፤ ሙሉእመቤት መሀላቸው ገባች። አልመታውም። «ሽማግሌ እልካለሁ» አለና ወጣ። ላከም። አባባ ጦቢያ መጥተው ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ዋሲሁን ወንድሙን ዳግመኛ አንተ አላለም፣ ድምፁንም አላነሳም፣ የቀረበለትን ሁሉ በትሕትና ሰማ። እስክሪብቶውን ግን አላነሳም።

ቸሬ ከካራቫን የወጣው በፈረንጆቹ 1996 ነው። ቤቱን ያገኘው ከአሽቀሎን ውጭ፣ ኪርያት ማላኺ የምትባል ከተማ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃውን በከዘራ የሚወጣው።